ለፈሪ የመጠለያ ድመት ቤት ስለመፈለግ፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ ለሚሠሩ አሳዳሪዎች የተዘጋጀ መመሪያ

ድመት ለመውሰድ ወደ እንስሳት መጠለያ የሚመጣ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው ጭራዋን ቀጥ አድርጋ በምትቀርበውና እግሩ ላይ በምትታከከው ድመት ላይ ነው። ከካርቶን ውስጥ ሆና ዓይኖቿን ብቻ የምታሳየው፣ ሰው በገባ ቁጥር ወደ ግድግዳው የምትጣበቀው ድመት ግን ወራት እያለፉ እዚያው ትቀራለች፤ በቆየች መጠንም «እሷ እንኳ ለሰው አትሆንም» የሚለው አስተያየት እየጸናባት ይሄዳል። ብዙ ጊዜ የሚመረጠው መንገድ መጀመሪያ ድመቷን ማደፋፈር፣ ከዚያ በኋላ ቤት መፈለግ ነው። እኔ በዚህ ቅደም ተከተል አልስማማም። ውሾች ቀንና ሌሊት በሚጮሁበት፣ የሚመግበው ሰው በየጊዜው በሚቀያየርበትና አዲስ እንስሳ በሚመላለስበት ግቢ ውስጥ ፍርሃት የሚቀንሰው እስከ ተወሰነ ደረጃ ብቻ ነው፤ የቀረው የሚለቃት አንድ ወይም ሁለት ሰዎች ባሉበት፣ የቀኑ ውሎ በማይለዋወጥበት ቤት ውስጥ ነው። ስለዚህ ዋናው ሥራችን ድመቷን ሌላ ድመት ማድረግ ሳይሆን ባለችበት ሁኔታ የሚቀበላትን ቤተሰብ ፈልጎ ማግኘትና ለዚያ ቤተሰብ ስለ እርሷ እውነቱን መንገር ነው።

ፍርሃቱ ምን ዓይነት እንደሆነ መለየት

ማስታወቂያ ከማውጣትዎ በፊት የድመቷ ፍርሃት ከየት እንደመጣ በተቻለ መጠን ለማወቅ ይሞክሩ፤ የሚፈለገው የቤት ዓይነት የሚወሰነው በዚህ ነውና። የድመት ግልገል ከሰው ጋር መኖርን የምትለምደው በተለይ ከተወለደች ከ2ኛው እስከ 7ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በዚያ ጊዜ የሰው እጅ ያወቃት ድመት፣ በኋላ ክፉ ነገር ደርሶባት ብትደነግጥም፣ የቀድሞ ልማዷ ቀስ እያለ ሊመለስላት ይችላል። ባለቤቶቿ ቤት ሲለውጡ ጥለዋት የሄዱ፣ ለሳምንታት በተዘጋ በር ፊት ስትጠብቅ የቆየች ድመት አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ወገን ናት። በዚያ የዕድሜ ክልል ሰው ቀርቧት የማያውቅ፣ ነገር ግን ምግብ ሲቀመጥላት የምትበላ ድመት ሁለተኛዋ ናት፤ እርሷም ሰው ልትለምድ ትችላለች፣ የምትለምደው ግን ምናልባት ያንኑ አንድ ሰው ብቻ ይሆናል። ሦስተኛዋ ከዱር እንስሳ ያልተለየች፣ በአራት ግድግዳ መካከል መኖር ራሱ ሥቃይ የሚሆንባት ናት።

እነዚህን ሦስቱን በመጀመሪያው ሳምንት መለየት አስቸጋሪ ነው፤ የደነገጠች የቤት ድመትም ጆሮዋን አስተኝታ፣ ዓይኗን አፍጥጣ፣ እፍ እያለች እንደ ዱር ድመት ልትታይ ትችላለችና። የሚለየው ሰው በሌለበት ሰዓት የምታደርገው ነገር ነው። ማታ ከመሄድዎ በፊት አንድ የዶሮ ላባ ወይም የክር ኳስ ከተደበቀችበት ፊት ለፊት ያስቀምጡና ጠዋት ከቦታው ተነቃንቆ እንደሆነ ይመልከቱ። ስልክዎን በቪዲዮ ከፍተው መደርደሪያ ላይ ትተው ለግማሽ ሰዓት ይውጡ። በክፍሉ ጥግ መሬት ላይ ተቀምጠው እያለ ምግብ ትበላ እንደሆነ፣ ትበላ ከሆነም በስንት እርምጃ ርቀት ላይ ሆነው እንደሆነ በደብተር ይጻፉ። ይህ ደብተር በኋላ ለአሳዳጊው የሚሰጡት ከሁሉ የሚበልጥ ስጦታ ስለሆነ አያቃልሉት።

ሕመምም ፍርሃት ይመስላል። የተበላሸ ጥርስ፣ የታመመ ጆሮ ወይም የቆየ ስብራት ያለባት ድመት እንዳትነካ የምትሸሸው ስለሚያማት ነው። ስለዚህ «ፈሪ ናት» ብሎ ከመደምደም በፊት የእንስሳት ሐኪም ሊያያት ይገባል። በከተማው ውስጥ የግል የእንስሳት ክሊኒኮች አሉ፤ በደቡብ ምሥራቅ በኩል በገላንና በዱከም አካባቢ ላሉ ደግሞ ቢሾፍቱ ቅርብ ናት፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ የሚገኘው እዚያ ነው። በዚሁ ጊዜ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት (ከ12 ሳምንት ዕድሜ ጀምሮ ይሰጣል)፣ የአንጀት ትል መድኃኒትና የማምከን ቀዶ ሕክምና ቢያልቁ ይመረጣል። ፈሪ ድመት ከአሳዳጊዋ ጋር በመላመድ ላይ ሳለች እንደገና ተይዛ ወደ ክሊኒክ ከተወሰደች የተገነባው መተማመን ይፈርሳል፤ ሴት ድመት ደግሞ ገና ከ4 እስከ 5 ወር ዕድሜዋ ጀምሮ ልታረግዝ ስለምትችል ሳትመክን መስጠት ከዘጠኝ ሳምንት በኋላ አዲስ ግልገሎችን ወደ መጠለያው መጥራት ነው።

ሦስተኛዋን ዓይነት ድመት በግድ የሳሎን ድመት ለማድረግ መሞከር ለእርሷም ለቤተሰቡም አይጠቅምም። ለእርሷ የሚሻለው ከሰው እጅ ርቃ ግን በሰው ጥበቃ ሥር የምትኖርበት ቦታ ነው፦ ወፍጮ ቤት፣ የእህል መጋዘን፣ የከብት እርባታ፣ ሰፊ የአትክልት ግቢ። በሰበታ፣ በሱሉልታና በሰንዳፋ መስመር እንዲህ ያሉ ቦታዎች ብዙ ናቸው፤ ባለቤቶቻቸውም በአይጥ ስለሚቸገሩ ጥያቄዎን በደስታ ይሰማሉ። ሁኔታዎቹ ግን ግልጽ መሆን አለባቸው። በየቀኑ ምግብና ውኃ ይሰጣታል፤ ውርጭና ዝናብ የማይገባበት መጠለያ ይኖራታል፤ በግቢው የአይጥ መርዝ አይጨመርም፤ ከመለቀቋ በፊትም ከ2 እስከ 4 ሳምንት በዚያው ቦታ በአንድ ክፍል ተዘግታ ትቆያለች፤ ያለዚያ በለቀቋት ሌሊት ወደ መጣችበት አቅጣጫ ትነጉዳለች። የቀረው ጽሑፍ የሚመለከተው የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ነው።

በመጠለያው ውስጥ ማድረግ የሚቻለው

ከውሾቹ ክፍል የራቀ ጥግ፣ ከመሬት ከፍ ያለ መቀመጫና ገብታ የምትሸሸግበት ሳጥን ይስጧት። ሳጥኑ እንዳትታይ ስለሚያደርጋት ቤት ያሳጣታል ብለው የሚያነሱት ሰዎች አሉ፤ ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. በታተመ በኔዘርላንድ በተደረገ ጥናት፣ ወደ መጠለያ እንደገቡ መደበቂያ ሳጥን የተሰጣቸው ድመቶች ካልተሰጣቸው ይልቅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፈጥነው ተረጋግተዋል። መደበቂያ ያላት ድመት ለመውጣትም ድፍረት ታገኛለች፤ የምትመለስበት አላትና።

የሚመግባት ሰው አንድ ይሁን፤ ሰዓቱም አይለዋወጥ። ይህ ሰው ወደ ክፍሉ ሲገባ ሁልጊዜ ያንኑ ቃል በለሆሳስ ይበል፤ «ውሮ፣ መጣሁልሽ» ቢል ይበቃል፤ ይኸው ቃል በኋላ ለአሳዳጊው ይነገረዋል። ከዚያም ቆሞ ከላይ ከማየት ይልቅ መሬት ላይ ጎኑን ሰጥቶ ይቀመጥ፣ ፊት ለፊት አያፍጥጥባት። በ2020 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ የሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ሰው ዓይኑን ጠበብ አድርጎ ቀስ ብሎ ሲጨፍንና ሲገልጥ ድመቶች በዚያው መልክ ይመልሳሉ፤ እንዲህ ያደረገላቸውን እንግዳም ዝም ብሎ ከሚያያቸው ይልቅ ይቀርባሉ። ያለ ወጪና ያለ ንክኪ የሚሠራ ስለሆነ ለእያንዳንዱ በጎ ፈቃደኛ ሊያስተምሩት ይገባል። ያለ ጨውና ያለ ሽንኩርት የተቀቀለ የዶሮ ሥጋ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ወደ እርስዎ እየቀረበ እንዲቀመጥ ያድርጉ፤ እጅ የሚዘረጋው እርሷ እንድታሸተው እንጂ እርሷን ለማሻሸት አይደለም። ማጅራቷን ይዞ ማንሳትና «እንድትለምድ» ብሎ በግድ ማቀፍ የሳምንታት ሥራ በደቂቃ ያበላሻል።

አንድ ነገር ግን በትዕግሥት አይታለፍም። ሁለት ቀን ሙሉ ያልበላች ድመት ወደ ሐኪም መሄድ አለባት፤ ድመት ምግብ ስታቋርጥ ስብ በጉበቷ ላይ ተከማችቶ ለሞት የሚያደርስ ሕመም ሊያስከትል ይችላል፤ በተለይ ወፍራም ድመት ላይ ይህ ይብሳል።

ማስታወቂያው

ፎቶው በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ ከእርሷ ዓይን እኩል ዝቅ ተብሎ ይነሣ፤ ከተደበቀችበት ተጎትታ የተነሣ ፎቶ አይሁን። ስለ ጽሑፉ ግን በሰፊው መናገር እፈልጋለሁ። «ይህችን ምስኪን አድኗት፣ ማንም የላትም» የሚል ማስታወቂያ በአንድ ቀን ብዙ ስልክ ያስደውላል፤ የሚደውለው ግን በዚያች ሰዓት ያዘነ ሰው ነው፤ ኀዘኑ በሳምንት ውስጥ ሲበርድ ድመቷ አሁንም ከአልጋ ሥር አልወጣችም። ፍርሃቷን የሚደብቅ ማስታወቂያም እንደዚሁ ነው። የሚበጀው ድመቷን እንዳለች የሚያሳይ፣ የምትፈልገውን ቤት በስም የሚጠራ ጽሑፍ ነው። ለምሳሌ እንዲህ ሊባል ይችላል፦

«የ3 ዓመት ግራጫ ሴት ድመት ናት፤ ተከትባለች፣ መክናለች። እንግዳ ሰው ትፈራለች፤ አዲስ ቤት ስትገባ ለሳምንታት ልትደበቅ ትችላለች። የለመደችው ሰው አጠገብ ተቀምጣ መብላትና ፀሐይ መሞቅ ትወዳለች፤ መታቀፍ ግን አትወድም። ትንንሽ ልጆችና ውሻ የሌሉበት፣ እንግዳ የማይበዛበት ቤት እንፈልግላታለን። ሰው ቢያያት ቢያያት የማይሰለቸው፣ እስክትቀርበው ድረስ የሚጠብቅ አሳዳጊ ካለ ይደውልልን።»

ይህን አንብበው የሚደውሉት ጥቂቶች ናቸው፤ ግን ከእነርሱ መካከል ትክክለኛው ሰው አለ። በቴሌግራምና በፌስቡክ ከማውጣት በተጨማሪ በእንስሳት ክሊኒኮች ግድግዳ ላይ ይለጥፉ፤ በአያት፣ በየካ አባዶ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬና በጀሞ ያሉ የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ለእርስ በርስ መልእክት የሚጠቀሙባቸው የቴሌግራም ቡድኖችም ጠቃሚ ናቸው። ከሁሉ ይልቅ ግን ከዚህ በፊት ድመት የወሰዱና በደንብ የያዙ ሰዎች ለሚያውቋቸው እንዲያወሩላት ይጠይቁ፤ በቡና ላይ የተነሣ ወሬ ሰው ከሰው ያገናኛል።

የትኛው ቤት ነው የሚሆናት?

ልጆቻቸው አድገው የወጡላቸው አረጋውያን፣ ከቤት የሚሠሩ ሰዎች፣ ብቻቸውን ወይም ሁለት ሆነው የሚኖሩ ጸጥተኛ ሰዎች ለፈሪ ድመት ይመቻሉ። ይህ ግን ሕግ አይደለም፤ ቤቱን የሚለየው በውስጡ ያለው ሰው ጠባይ ነው። ስለዚህ ጠያቂውን በፎርም ብቻ አይመዝኑ፤ ይነጋገሩ። «እማማ፣ ይህች ድመት አንድ ወር ያህል ላትታይዎት ትችላለች፤ ያስከፋዎታል?» ሲባሉ «ልጄ፣ እኔም የትም አልሄድ፤ ደስ ባላት ጊዜ ትምጣ» የሚሉ እናት ከማንኛውም ማስረጃ በላይ ተማምነው የሚሰጧቸው ናቸው። «ቶሎ አለምዳታለሁ፣ ድመት እኔን አይፈራም» የሚል ሰው ግን ቅን ልብ ቢኖረውም ሌላ ድመት ቢያዩለት ይሻላል።

በከተማችን ዳርቻ በተለይ ሊጠየቁ የሚገባቸው ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ውሻ ነው። «ውሻ አላችሁ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ቀን ታስሮ ማታ የሚፈታ እንደሆነ፣ የጎረቤት ውሻ በአጥር ሥር የሚገባ እንደሆነ ይጠይቁ። በእንጦጦ ግርጌ፣ በሱሉልታና በቡራዩ ጫፍ ደግሞ ሌሊት ጅብ ይመጣል፤ በእነዚህ ቦታዎች ድመቷ ማታ ማታ ከቤት ውስጥ ማደር አለባት።

ሁለተኛው ቤተሰቡ ውስጥ ድመቷን በእውነት የሚንከባከበው ማን እንደሆነ ነው። ውል የሚፈርሙት ባልና ሚስት ጠዋት ወጥተው ማታ ይመለሳሉ፤ ቀኑን ሙሉ ከድመቷ ጋር የምትውለው፣ የምትመግባትና የምትጸዳዳበትን ሳፋ የምታጸዳው ግን የቤት ሠራተኛዋ ናት። እርሷ ድመት የምትፈራ ወይም የምትጠየፍ ከሆነ ድመቷ በዚያ ቤት ሰላም አታገኝም። ስለዚህ በአክብሮት እርሷንም ያነጋግሩ፤ ፈቃደኛ ከሆነች መመሪያውን ለእርሷም በቀጥታ ይስጡ። የግቢው ዘበኛም እንዲሁ ማወቅ አለበት፤ በር የሚከፍተውና የሚዘጋው እርሱ ነውና።

ሦስተኛው ምግብ ነው፤ በተለይ የጾም ወራት። ድመት ሥጋ በል እንስሳ ናት፤ ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ከእንስሳት ተዋጽኦ ካላገኘች ዓይኗና ልቧ ይጎዳል። 55 ቀን በሚቆየው በዐቢይ ጾም፣ በነቢያት ጾምና በፍልሰታ የሚጾም ቤተሰብ ቤት ውስጥ ሥጋ አይገባም፤ በየሠፈሩ ያሉ ብዙ ሥጋ ቤቶችም ይዘጋሉ፤ ድመቷም ሽሮና እንጀራ ብቻ እየቀረበላት ትከሳለች። ስለዚህ «በጾም ምን ትመግቧታላችሁ?» ብሎ አስቀድሞ መጠየቅና መልስ ላይ መድረስ ግዴታ ነው። ክፍት ከሚሆኑት ሥጋ ቤቶች ሳንባና ሌላ ርካሽ ሥጋ ገዝቶ፣ ቀቅሎ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከፋፍሎ ማስቀመጥ ይቻላል፤ አቅም ያለው ደረቅ የድመት ምግብ አስቀድሞ ይገዛል። ወጥ ግን በፍስክም በጾምም አይሰጣት፤ ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴሎች ይሰብራሉ። ወተትም እንደሚታሰበው አይደለም፤ ያደጉ ድመቶች ብዙዎቹ ስለማይፈጩት ያስቀምጣቸዋል።

አራተኛው አይጥ ነው። በዳርቻ ሠፈር ድመት የሚፈለግበት ዋና ምክንያት ይህ በመሆኑ ጥያቄውን በቀና መንፈስ ይመልሱ፤ ልትይዝ ትችላለች፣ ዋስትና ግን የለም፤ ፈሪ ድመት ደግሞ ቤቱን ሳትለምድ አታድንም። ከዚህ ጋር የአይጥ መርዝና የእህል ነቀዝ ማጥፊያ ክኒን በቤቱ ውስጥ እንዳለ ይጠይቁ፤ መርዝ የበላ አይጥ የበላች ድመትም ትመረዛለችና ሁለቱ በአንድ ቤት አይሆኑም። ለከብት ቁንጫና መዥገር የሚውለው ዲያዚኖን፣ ለውሻ የሚሸጠው ፐርሜትሪን ያለበት መድኃኒት፣ ለራስ ምታት የሚዋጠው ፓራሲታሞልም ድመትን ይገድላሉ፤ እነዚህን በጽሑፍ ዘርዝረው ይስጡ።

ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ ልጆቹ ቢያንስ ትምህርት የጀመሩና ሲነገራቸው የሚሰሙ ቢሆኑ ይመረጣል። ተከራይ ከሆኑ አከራዩ መስማማቱን ይጠይቁ። ነፍሰ ጡር ካለች ድመት መውሰድ አይከለከልም፤ በድመት ዓይነ ምድር ሊተላለፍና ፅንስን ሊጎዳ በሚችለው ቶክሶፕላዝማ በተባለ ተህዋሲ ምክንያት ሳፋውን ሌላ ሰው በየቀኑ ያጽዳ፤ ተህዋሲው ለመበከል ከ1 እስከ 5 ቀን ስለሚፈልግ በየቀኑ ማጽዳት ብዙውን አደጋ ያስቀራል።

ትውውቅ

ጠያቂው ሲመጣ ድመቷን አውጥተው አያሳዩት። ወደ ክፍሉ አስገብተው መሬት ላይ ያስቀምጡትና የምትመገብበት ሰዓት እንዲሆን ያድርጉ፤ ስልክ ይዞ እያነበበ ወይም በዝግታ እያወራ ግማሽ ሰዓት ይቆይ። ላታየው ትችላለች። እንዲያውም ሳያያት ወደ ቤቱ ሄዶ በሌላ ቀን ተመልሶ የመጣ ሰው ያንን ድመት የሚያሳድግ ሰው ነው። በሁለተኛው ጊዜ የለበሰው ያረጀ ሹራብ ወይም ነጠላ ካለ ትቶላት ቢሄድ፣ ሽታውን አስቀድማ ትለምደዋለች።

እንደተቻለ ቤቱንም ሄደው ይዩ። ለምርመራ የሄዱ እንዳይመስል አስቀድመው ይደውሉ፣ ሰዓት ይቀጣጠሩ፣ የቀረበልዎትን ቡና ይጠጡ። የሚያዩት ግን አይቅር፤ የመስኮቱ መረብ፣ የኮርኒሱ ቀዳዳ፣ በሩ በነፋስ የሚከፈት እንደሆነ፣ የመጀመሪያው ክፍል የትኛው እንደሚሆን። ኮርኒስ ውስጥ የገባች ፈሪ ድመት ለቀናት ላትወርድ ስለምትችል ቀዳዳው ከመምጣቷ በፊት ይደፈን።

የምትሄድበት ቀን

ቀኑን በጥንቃቄ ይምረጡ። ቡሄ ሲቃረብ በዳርቻ ሠፈሮች ጅራፍ ይጮኻል፤ በዕንቁጣጣሽና በገና ርችት ይተኮሳል፤ በበዓል ዋዜማ ቤቱ በዶሮ፣ በበግና በእንግዳ ይሞላል። ክረምት ሲበረታም በረዶ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ሰው እንኳ ይደነግጣል። በዓል የሌለበት ሳምንት፣ ቅዳሜ ጠዋት ጥሩ ነው፤ አሳዳጊው ቢያንስ ሁለት ቀን ከቤት ይውላልና።

ድመትን በጆንያ ማጓጓዝ በእኛ ዘንድ የተለመደ ቢሆንም ለፈሪ ድመት ከዚህ የከፋ ነገር የለም። ክዳን ያለው ጠንካራ የፕላስቲክ ቅርጫት ወይም የድመት መያዣ ሣጥን ይጠቀሙ፤ ከሁለት ሳምንት በፊት ጀምሮ ክፍት ሆኖ ከክፍሏ ውስጥ ይቀመጥና እዚያ ትብላ። በዕለቱ ሲዘጋ ከላይ በጨርቅ ይሸፈን፤ የተኛችበት ጨርቅ ሳይታጠብ አብሯት ይሂድ። ከጉዞው በፊት ለጥቂት ሰዓታት አትመገብ። ባጃጅም ሆነ ታክሲ ከመሳፈር ሙዚቃ የማይከፍት የሚያውቁት ሹፌር በኮንትራት መያዝ ይሻላል፤ ሣጥኑም ቤት ውስጥ፣ በር ተዘግቶ እንጂ መንገድ ላይ አይከፈት።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ለአሳዳጊው የሚሰጡት ዋናው መመሪያ አንድ ክፍል ነው። በብዙ የዳርቻ ግቢዎች ሰርቪስ ክፍል አለ፤ ሰው የማይበዛበትና የሚቆለፍ ከሆነ ይበቃል፤ ካልሆነ መኝታ ቤት ይሁን። በአንዱ ጥግ ምግብና ውኃ፣ በሌላው ጥግ ሰጋቱራ ወይም ደረቅ አሸዋ የተጨመረበት ሳፋ፣ በመካከል መግቢያ የተቀደደለት ካርቶንና ብርድ ልብስ ይኑር። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ስለሚበርድ ካርቶኑ ከሲሚንቶው ወለል ከፍ ይበል።

ከሁሉ በላይ ግን በገመድ አትታሰር። እንዳትጠፋ ተብሎ በአንገቷ ገመድ ማሰር በብዙ ቤቶች የሚደረግ ነው፤ ፈሪ ድመት ግን ስትደነግጥ ትዘላለች፣ ገመዱም ያንቃታል፤ ካላነቃትም መሸሽ እንደማትችል ስለምታውቅ ፍርሃቷ ይጨምራል። የተዘጋ በር ገመዱ የሚሠራውን ሥራ ሁሉ ያለ ጉዳት ይሠራል።

የመጠለያ ሠራተኞች ለግምት ያህል የሚናገሩት የሦስት ቀን፣ የሦስት ሳምንትና የሦስት ወር ልማድ አለ፦ በሦስት ቀን ድንጋጤው ይበርዳል፣ በሦስት ሳምንት የቤቱን ውሎ ትለምዳለች፣ በሦስት ወር ቤቱ የእርሷ ይሆናል። ለፈሪ ድመት ይህን እጥፍ አድርገው ይንገሯቸው፤ ቀድማ ብትወጣ ደስታ ይሆንላቸዋል። ማታ ማታ እየበላች፣ ሳፋዋን እየተጠቀመች ከሆነ ባትታይም ደህና ናት። የቀረው ክፍል የሚከፈትላት ሰው በክፍሉ ውስጥ እያለ በራሷ ወጥታ መንቀሳቀስ ስትጀምር ነው፤ ግቢው ደግሞ ቢያንስ ከአንድ ወር በኋላ፣ ቀን፣ ሳትበላ በፊት፣ ሰው አብሯት ሆኖ። ከቧጨረች ወይም ከነከሰች ቁስሉ ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ከዚያም ወደ ጤና ተቋም ይኬድ፤ ብትከተብም ይህ አይታለፍ።

ብትጠፋ ወይም ብትመለስ

ካመለጠች ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚያደርገው ሠፈር ለሠፈር እየተጣራ መሮጥ ነው፤ ፈሪ ድመት ግን ርቃ አትሄድም፣ ስትጠራም ድምፅ አታሰማም። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው ከተገኙት የጠፉ ድመቶች ሦስት አራተኛው እጅ ያህሉ ካመለጡበት ቦታ በ500 ሜትር ውስጥ ነበሩ። ሰው ሲተኛ በእጅ ባትሪ የጎረቤት ቆርቆሮ ክምር፣ የተከመረ ብሎኬት ሥር፣ ያላለቀ ሕንፃ ምድር ቤትና የውኃ ቱቦ ውስጥ ይታይ፤ ብርሃኑ ዓይኗ ላይ ሲያርፍ ያበራል። የለመደችው ምግብና የተኛችበት ጨርቅ በር ላይ ይቀመጥ፣ የጎረቤት ዘበኞችም ይነገራቸው። ወዲያው ለእርስዎ እንዲደውሉም አስቀድመው ያስጠንቅቋቸው፤ ድምፅዎን ታውቀዋለችና።

በሁለተኛው ቀን፣ በሳምንቱ፣ በወሩና በሦስተኛው ወር ይደውሉ። ጥያቄዎ «ለመደች ወይ?» አይሁን፤ አሳዳጊው ያሳፈረዎት መስሎት ይዋሻል። «ትናንት ምን በላች? የት ተኛች?» ይበሉ። በውሉ ላይም፣ በቃልም፣ ካልሆነላቸው በማንኛውም ጊዜ ለእርስዎ እንዲመልሷት እንጂ ለሌላ እንዳይሰጧት ወይም ገበያ አጠገብ እንዳይለቋት ግልጽ ያድርጉ፤ ሲመልሷትም ወቀሳ አይሰንዝሩ፣ የተወቀሰ ሰው ሁለተኛ አይደውልምና። የተመለሰች ድመት በዚያ ቤት ያሳየችው ነገር ሁሉ ቀድሞ ያልነበረዎት ዕውቀት ነው። ከቤተሰቡ ማንን እንደቀረበች፣ በስንተኛው ቀን ከካርቶኑ እንደወጣች፣ የትኛው ድምፅ እንዳስደነገጣት፣ ምን እንደወደደች ሳይረሳ በዚያው ደብተር ላይ ይጻፉና ማስታወቂያውን በዚያ መሠረት አርመው እንደገና ያውጡ።